የእትዬ ፈቃድ

በየዓመቱ ክረምት ሲገባ የሴሚናሩ አዘጋጆች ይደውሉልኛል። "ለዘንድሮ ተማሪዎች አንድ ሰዓት ብቻ ስጪን፤ ያንቺን ታሪክ ቢሰሙ ይበረታታሉ" ይሉኛል። ታሪክ የሚሉት የሃያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ በክረምት ሴሚናራቸው ላይ የጻፍኳት ስድስት ገጽ ጽሑፍ ከአምስት ዓመት በኋላ የመንግሥት መመሪያ ማስቀየሯን ነው። በሚበትኑት በራሪ ወረቀት ላይ ፎቶዬ አለ፤ የመጻሕፍት ከረጢት ታቅፌ ጥርሴን እስከ መንጋጋዬ ገልጬ። አልዋሹም፣ ጽሑፏ መመሪያ አስቀይራለች። እኔ ግን ሥራ በዝቶብኛል እላቸዋለሁ። ሥራ አልበዛብኝም። የሚፈልጉት የታሪኩን ግማሽ ነው፣ ሌላውን ግማሽ ደግሞ ሠላሳ ተማሪ ፊት ቆሜ ለመናገር ወኔው የለኝም። እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ እሷ ሃያ ሦስት። ታጭታ ነበር ይባላል፤ እኔን ታቅፋ ስትመጣበት እጮኛዋ "ከነልጅ አላልኩም" ብሎ ቀረ። ይህን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፣ ጎረቤት ናት። እትዬ ስለ ራሷ ማውራት አይሆንላትም።

ልጅ መጠበቅ የጀመረችውም በእኔ ሰበብ ነው። ነርስ ጎረቤታችን "ያቺን ልጅ መያዝሽ ካልቀረ የእኔንም ደርበሽ ያዢልኝ" አለቻት። ከዚያ የነርሷ ጓደኛ መጣች፣ ከዚያ የጓደኛዋ ጓደኛ፣ ከዚያ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጯ፣ ከዚያ ልብስ ፋብሪካ የሚሠሩት ሁለት እህትማማቾች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ቤታችን ውስጥ አሥራ አራት ሕፃናት ይውሉ ነበር። ቤቱ ሁለት ክፍልና ጠባብ ግቢ ነው፤ በአንድ በኩል ጎማ ጠጋኝ፣ በሌላው በኩል ማተሚያ ቤት፣ በሩ አረንጓዴ። ጫማዎቹ በመስኮቱ ደፍ ላይ በተርታ ይደረደራሉ። ልጆቹ ማንበብ ስለማይችሉ በየፎጣቸው ጫፍ ላይ የተለያየ ቀለም ክር ሰፍታላቸው ነበር፤ ሁለት ዓመት ያልሞላው እንኳን የራሱን ክር ለይቶ ያነሳል።

ለእያንዳንዱ ቅጽል ስም አውጥታለች። ሰውን ሁሉ ካልጨበጠ የማይቀመጠው "ሚኒስትሩ" ነው። ማንኪያ ሲያይ ከንፈሩን የሚቆልፈው "አቶ አልበላም"። ስታለቅስ ጎማ ጠጋኙ መዶሻውን አስቀምጦ "ምን ነካት?" ብሎ የሚመጣላት "ድምፅ ማጉያ"። እኔም አልቀረልኝም፤ በሁሉ ነገር ስለምከራከር "ጠበቃዬ" ነበር የምትለኝ።

የሚያለቅስ ልጅ ሲመጣላት "ዝም በል" አትልም፣ አሻንጉሊትም አታሳይም። ታነሳውና ግንባሩን አንገቷ ሥር አድርጋ ዝም ብላ ትቆማለች። ወዲያ ወዲህ እንኳን አትልም። ብዙም ሳይቆይ ልጁ ይረጋል። አንድ ቀን እንዴት እንደሆነ ብጠይቃት "እኔ እንጃ፣ ቆሜ ነው የማርፈው፣ እነሱም አብረውኝ ያርፋሉ" አለችኝ።

ፈቃድ አልነበራትም። ለማውጣት ሳትሞክር ቀርታ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ የፈቃድ ቢሮ ደጅ ጠንታ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት ወረቀት ይዛ ተመልሳለች። የሕፃናት ማቆያ የሚሆን ቤት ከወለሉ እስከ ጣሪያው ሁለት ሜትር ከሰማንያ መሆን አለበት ይላል ወረቀቱ። ኃላፊዋ የሁለት ዓመት የሥልጠና ምስክር ወረቀት፣ ካልሆነም የአሥር ዓመት ልምድ ይኑራት ይላል። ልምዱ ሞልቷት ተርፏታል፤ ጣሪያውን ግን በተከራየችው ቤት ከየት ታመጣዋለች? "ልጆቹ እኮ ገና አንድ ሜትር አልሞሉም" ብላ ሳቀች ሁለተኛውን ጊዜ ስትመለስ። "ማንን ሊያሳድጉበት ነው፣ ቀጭኔ?" ከዚያ በኋላ ወረቀቱን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፣ ሥራዋንም ቀጠለች። ማንም ምንም አላላትም።

ሴሚናሩ ሁለት ሳምንት ነበር። ከየዩኒቨርሲቲው ተመርጠን ሠላሳ ሆነን፣ ለእረፍት በተዘጋ አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ ከነሻንጣችን ገባን። ጠዋት ንግግር፣ ከሰዓት ክርክር። ስለ ግለሰብ ነጻነት፣ ስለ ንብረት፣ ሥልጣኑ ስለተገደበ መንግሥት፣ ማንም ሳያዛቸው ሰዎች ተስማምተው ስለሚያበጁት ሥርዓት። አንድ ቀን ለሁላችን በወረቀት ከረጢት አንዳንድ ዕቃ ታደለን፤ ለእኔ የወንድ ካልሲ ደረሰኝ። መጀመሪያ ከጎረቤታችን ጋር ብቻ እንድንለዋወጥ ተፈቀደ፣ ከዚያ አዳራሹን ሙሉ። ካልሲዬን ሰጥቼ፣ በሁለት ሰው እጅ አልፎ፣ መጨረሻ ላይ ጥሩ እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። አዲስ ዕቃ ወደ አዳራሹ አልገባም፣ ሁላችንም ግን ደስ ብሎን ነበር። እትዬ ቤት ያደገ ሰው ይህ ሊገርመው አይገባም ነበር፤ እኔን ግን ገረመኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ነገር ለካ ስም አለው አልኩ።

ዋናው መምህራችን ገና ወጣት ነው። በመጀመሪያው ቀን "አንቱ አትበሉኝ፣ እዚህ ሁላችንም እኩል ነን" ብሎ አስጨነቀን። "አንተ" ለማለት አንድ ሳምንት ፈጀብን፤ አንዱ ልጅ አንተም አንቱም ላለማለት ሲል "ጥያቄ ነበር" እያለ ብቻ ነው ሁለቱን ሳምንት የጨረሰው። መምህሩ በተናገረ ቁጥር "ሰው በፈቃዱ ሲገዛ፣ በፈቃዱ ሲሸጥ፣ በፈቃዱ ሲሰጥ" ስለሚል "በፈቃዱ" ብለን ስም አወጣንለት። ሲሰማ ሳቀና "ሳልጠየቅ የወጣ ስም ነው፣ ቢሆንም ፈቅጃለሁ" አለ።

አንድ ጠዋት ይኸው በፈቃዱ ሰሌዳው ላይ "ፈቃድ" ብሎ ጻፈ። "ይህች ቃል ሁለት ቤት አላት" አለ። "አንዷ ቢሮ ውስጥ ናት፣ ማህተም አላት። ሌላዋ ሰው ልብ ውስጥ ናት፣ ማህተም የላትም። ቢሮ ሳይኖር በፊት የነበረችው የትኛዋ ናት?" ደብተሬ ላይ ገልብጬ ሁለቴ አሰመርኩበት። ደብተሩ ዛሬም አለ፣ መስመሮቹም አሉ። ማስመርና መረዳት ግን ለየቅል ናቸው።

በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ የቤት ሥራ ተሰጠን። እያንዳንዳችን ሰው ሠርቶ እንዳይኖር የሚያግድ አንድ ደንብ መርጠን ከእውነተኛ ምሳሌ ጋር እንድንጽፍ ነው። የተሻሉት ሦስቱ በመዝጊያው ቀን ከየቢሮው በሚጋበዙ እንግዶች ፊት ይቀርባሉ፣ ከዚያም ታትመው ለሚመለከተው ሁሉ ይላካሉ። ሌሎቹ ከጋዜጣ ምሳሌ ሲፈልጉ እኔ ቅዳሜን አስፈቅጄ እቤቴ ሄድኩ።

ጣሪያውን መለካት ነበረብኝ። እትዬ ልብስ የምታሳጥርበትን ሜትር ወስጄ ወንበር ላይ ወጣሁ፤ አልደርስ አለኝ።

"ምንድነው የምትለኪው?" አለች ከጓዳ ወጥታ።

"ለትምህርት ነው።"

"እስቲ ቆይ፣ እግርሽን ትሰብሪያለሽ።" ወንበሩን በአንድ እጇ ያዘችልኝ። ሜትሩ አጭር ስለሆነ ሁለት ጊዜ መለካት ነበረብን፤ የታችኛውን ጫፍ ጎንበስ ብላ ወለሉ ላይ በጣቷ ተጭና የያዘችው እሷ ናት። "ሁለት ሜትር ከአርባ አንድ" አልኳት። "መቼም ትምህርት የማያስለካው የለም" አለችና ወደ ድስቷ ተመለሰች። ለምን እንደሆነ ደግማ አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳት።

ሁሉንም ጻፍኩት። ስሟን ብቻ ተውኩ፤ "አንዲት ሴት" አልኳት። ጣሪያውን ከነሳንቲሜትሩ፣ አሥራ አራቱን ልጆች፣ አረንጓዴውን በር፣ ጎማ ጠጋኙንና ማተሚያ ቤቱን፣ በፎጣው ጫፍ ያለውን ክር። እውነተኛ ዝርዝር ያሳምናል ተብለን ተምረናል፣ እኔ ደግሞ ማሳመን እወዳለሁ። ባላጋንን፣ በዚያች ጽሑፍ ውስጥ እትዬን ከምወዳት በላይ ጽሑፏን ወድጃት ነበር።

በፈቃዱ ረቂቁን አንብቦ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝ።

"ከሁሉም የተሻለው ይሄ ነው" አለ። "ሴትየዋን ታውቂያታለሽ?"

"እህቴ ናት።"

"እንደምትጽፊ ታውቃለች?"

"ስሟን አልጠራሁም እኮ።"

"እሱን አላልኩም። ጠይቀሻታል ወይ?"

ያልጠየቅኳት ረስቼ አይደለም። ብጠይቃት ምን እንደምትለኝ ስለማውቅ ነው። "አዎ" አልኩት። "ጠይቄያታለሁ፣ ተስማምታለች።"

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ረቂቁን አጥፎ ሰጠኝ። "እንግዲያው ለመዝጊያው ተዘጋጂ።"

አንዲት ቃል ናት፣ አዎ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ የእኔ አፍ ግን አላመለጠኝም፣ አስቤበት ነው የከፈትኩት። ለዚህ ነው ተረቱ ሲተረት ከሰው ጋር የማልስቀው።

በመዝጊያው ቀን ከእንግዶቹ መሀል ከፈቃድ ቢሮ የመጡ አንድ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሸምገል ያሉ ናቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ። እኔ ሳነብ ማስታወሻ ሲይዙ ነበር። አረንጓዴው በር ጋ ስደርስ መጻፋቸውን አቁመው ቀና አሉ። እኔ ደረቴን ነፍቼ ወደ እሳቸው እያየሁ ጨረስኩ። ጥያቄ ሲፈቀድ እጃቸውን አወጡ።

"ቁጥሮቹ ትክክለኛ ናቸው? ወይስ እንዲያው ለምሳሌ ያህል ነው?"

ዛሬ ሳስበው ያንን ጥያቄ የጠየቁት መውጫ በር ሊከፍቱልኝ ነበር። ለምሳሌ ያህል ነው ብል ኖሮ ነገሩ ያኔ ያበቃ ነበር። "በገዛ እጄ ለክቼ ነው" አልኩ አፌን ሞልቼ። አዳራሹ አጨበጨበ። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ። ያሸነፍኳቸው መሰለኝ።

በሻይ ሰዓት ስኒያቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ።

"ልጄ፣ ይህ ጽሑፍ ለቢሯችን ይላካል?"

"ለሁሉም ቢሮ ነው የሚላከው።"

"የግድ ነው?"

"መንግሥት እውነቱን መስማት አለበት ብዬ ነው" አልኩ። ይህችን ዓረፍተ ነገር የዚያኑ ጠዋት ነው የተማርኳት።

"መስማቱንስ ይሰማል" አሉ ስኒያቸውን እያማሰሉ። "መዝገብ ላይ ሲገባ ነው ጣጣው። አንዳንዴ ዝም አይነቅዝም።" ሌላም የሚጨምሩ መስለው ነበር፤ ያኔ ግን ፎቶ አንሺው ጠራኝና ሮጥኩ። በበራሪው ወረቀት ላይ ያለው ፎቶ ያኔ የተነሳው ነው።

ለእትዬ በመዝጊያው የተሸለምኩትን የመጻሕፍት ከረጢት አሳየኋት። "ምን ጽፈሽ ነው?" አለችኝ። "ስለ ደንብ" አልኳት። ግንባሬን ሳመችኝና ከረጢቱን ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጠችው፣ ልጆቹ እንዳይቀዳድዱት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ እኔ ግቢ ውስጥ ፎጣ እየሰቀልኩ በሩ ተንኳኳ። አንዲት ወጣት ኃላፊ ናት፣ የታተመችውን ጽሑፍ ገልጣ ይዛለች። ከኋላዋ እኚያው ተቆጣጣሪ ቆመዋል። እኔን ሲያዩ ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ። ኃላፊዋ ጨዋ ናት፣ ሰላምታ ሰጠች፣ ጫማዋን ጠርጋ ገባች። በሩን አየች፣ ጫማዎቹን ቆጠረች፣ የፎጣውን ክር ዳሰሰች፤ ባየችው ቁጥር ከገጹ ጋር ታመሳክራለች።

"ይለካ" አለች።

ተቆጣጣሪው ሜትራቸውን ዘረጉ። እትዬ በአንድ ክንዷ አቶ አልበላምን እንደታቀፈች ግድግዳው ጥግ ቆማ ታያለች። "ሁለት ከአርባ አንድ" አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

"ልክ ነው" አለች ኃላፊዋ። "አንድ ሳንቲ አልተሳሳተም። እንዲህ ያለ ጥናት ሁልጊዜ ቢደርሰን ሥራችን በቀለለ ነበር።" ጸሐፊዋ ከፊቷ እርጥብ ፎጣ ይዛ እንደቆመች አላወቀችም።

በዚህ መሀል ድምፅ ማጉያ ከውስጠኛው ክፍል በእንቅልፍ ፊቷ ብቅ አለች። ተቆጣጣሪውን አየች። "አባባ!" ብላ ሮጣ እግራቸው ላይ ተጠመጠመች።

ሰውየው ሜትሩን እንደያዙ ቆሙ። ልጅቷ ሱሪያቸውን ትጎትታለች፣ አንሳኝ ትላለች። ኃላፊዋ አንዴ ልጅቷን አንዴ እሳቸውን አየች። በመጨረሻ ጎንበስ ብለው አነሷት።

"የልጄ ልጅ ናት" አሉ። "አራት ዓመቷ ነው። ከስምንት ወሯ ጀምሮ የምትውለው እዚህ ነው፣ የምታመላልሳት እናቷ ናት።"

ያኔ ነው ሁሉ ነገር የገባኝ። ከሦስት ዓመት በላይ ያውቁ ነበር። ቢሯቸው የማያውቀውን እሳቸው አይተው እንዳላዩ ሆነው ይዘውት ኖረዋል፤ በእትዬ ጣሪያና በሕጉ መሀል የነበረው ክፍተት ላይ ራሳቸው ነበሩ የቆሙት። ሰው ከሰው ጋር ማንም ሳያዘው የሚያበጀው ሥርዓት ስል በአዳራሹ የለፈለፍኩት ይሄንኑ ነበር። የገዛ ቤቴ ውስጥ ሳየው አላወቅኩትም፣ ይባስ ብሎ ጽፌ ለቢሮ ላክሁት።

እናቶቹ ተጠሩ። ነርሷ ለታናሹ ልጇ ከነሥራ ልብሷ መጣች፣ ትኬት ቆራጯ ቦርሳዋን በአንገቷ እንዳንጠለጠለች። እትዬ ለእያንዳንዷ ልጇን፣ ፎጣውን፣ የረጠበውን ልብስ በላስቲክ ጠቅልላ ሰጠች። "ይሄኛው ከምሳ በኋላ ትንሽ አስሎታል፣ ዛሬ እንዳታጥቢው" እያለች ታስረክባለች። ለአንዷም ለምን እንደሆነ አልነገረችም። ሚኒስትሩ ኃላፊዋን ሳይቀር ጨብጦ ነው የወጣው። በመጨረሻ አረንጓዴው በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ ቤቱ ለሕፃናት ማቆያ እንዳይውል ታግዷል የሚል። ተቆጣጣሪው የልጅ ልጃቸውን ይዘው ሲወጡ እትዬን "ይቅርታ" አሏት። "እርስዎ ምን አደረጉ" አለቻቸው። በዚያው ወር ወደ መዝገብ ቤት እንደተዛወሩ በኋላ ሰማን።

እትዬ የልጆቹን ኩባያ አጥባ ጨርሳ፣ እጇን አደራርቃ፣ ኃላፊዋ ትታው የሄደችውን ጽሑፍ ይዛ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ማንበብ ይከብዳታል፣ በጣቷ እየተከተለች ነው የምታነበው። ስድስቱን ገጽ እስክትጨርስ እኔ ቆሜ ነበር።

"ጥሩ ጽፈሻል" አለች።

በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። "እትዬ፣ ላንቺ ብዬ ነው። ደንቡ እንዲቀየርልሽ ብዬ። ስምሽንም አልጻፍኩም።"

"ስሜን ብትጽፊው ይሻል ነበር። ስሜን ማን ያውቀዋል? ጣሪያዬን ነው የጻፍሽው።" ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠች። "እዚህ ላይ 'ያለ ፈቃድ' የሚል ስንት ቦታ አለ?"

"አላውቅም።"

"አሥራ አንድ ቦታ። ቆጥሬዋለሁ። ይሄን ሁሉ ስትጽፊ የኔን ፈቃድ ጠየቅሽ?"

"እምቢ ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።"

"እምቢ እልሽ ነበር" አለች። "ለዚህ አይደል ሰው የሚጠየቀው?"

አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ብላ እንኳን አልተረተችብኝም፤ እሱን ጎማ ጠጋኙ ነው በማግስቱ የተረተው። እሷ ያደረገችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሜ ትጠራኝ ጀመር። ሰው በስሙ ሲጠራ እንደሚከፋው ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

በፈቃዱ ጋ ሄጄ መዋሸቴን ነገርኩት። "እኔም ብሆን ሙሉ በሙሉ አላመንኩሽም" አለ። "ጽሑፉ ግን ጥሩ ነበር፣ ማመን ፈለግኩ።" ከዚያ በኋላ የዚያን ደንብ ነገር የራሱ አደረገው። ደብዳቤ ጻፈ፣ ስብሰባ ገባ፣ ደጅ ጠና። በሴሚናሩ ማመልከቻ ላይም ስሙ ባይጠቀስ እንኳን የሚጻፍበት ሰው በራሱ እጅ ፈርሞ ይፍቀድ የሚል መስመር አስጨመረ። የተማርነው ሐሳብ ስህተት ነበር አልልም፤ ዛሬም አምንበታለሁ፣ ከበፊቱም ይልቅ። ስህተቱ እኔ ነበርኩ። ሰው ሁሉ በራሱ ጉዳይ ላይ ባለሥልጣን ነው ብዬ አዳራሽ አስጨበጨብኩና፣ ያሳደገችኝን አንዷን ሰው ሳልጠይቃት ለአደባባይ አወጣኋት።

እትዬ ሥራ አገኘች፤ ፈቃድ ያለው ትልቅ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ፣ በጽዳት። ጣሪያው ሦስት ሜትር ይሆናል።

በአምስተኛው ዓመት አንድ ቀን ጠዋት በፈቃዱ ደወለልኝ። "ወጣ" አለ። "ሁለት ሜትር ከአርባ። የእህትሽ ጣሪያ ያልፋል።" ያን ጊዜ ተመርቄ ሥራ ይዤ ነበር። አዲሱን መመሪያ አትሜ፣ ከአለቃዬ ግማሽ ቀን አስፈቅጄ፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ እትዬ ወደምትሠራበት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስደረድር ነበር። እንደ ድሮው ጠበቃዬ ትለኛለች ብዬም ሳልመኝ አልቀረሁም።

ረጅሙን ኮሪደር እየወለወለች አገኘኋት። ውሃ ሰማያዊ ጋውን ለብሳለች፣ ፀጉሯ ሸብቷል። ወረቀቱን ሰጠኋት። መወልወያውን ብብቷ ሥር ይዛ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

"ሁለት ከአርባ" አለች። "አንድ ሳንቲ ተረፈን ማለት ነው።" ሳቀች፤ የእውነት ሳቅ ነበር። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። ቤቱን እኮ ጎማ ጠጋኙ ተከራይቶት መጋዘን ካደረገው ሦስት ዓመት አለፈ።"

"ሌላ ቤት እንፈልጋለን። አሁን እኔም እሠራለሁ፣ እችላለሁ። ፈቃዱን በስምሽ እናወጣለን። ትኬት ቆራጯ ሁለተኛ ወልዳለች፣ ነገ ብትይ ነገ ታመጣልሻለች።"

"አንቺ መቼም ስትናገሪ ያምርብሻል።" ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፋ መለሰችልኝ። "ይቅርብኝ። እጄ ለምዷል።"

"ምኑን?"

ሳትመልስልኝ አንድ ክፍል ተከፍቶ ልጆቹ ወጡ። አንዲት አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ እርጥቡ ወለል ላይ አዳልጧት በጉልበቷ ወደቀች። ተነሳች፣ ጉልበቷን አየች፣ ደሙን ስታይ ከንፈሯ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከዚያ በእኔ አጠገብ አልፋ በቀጥታ ወደ እትዬ ሄደች። አሁን ታነሳታለች፣ ግንባሯን አንገቷ ሥር ታደርገዋለች፣ ቆማም ታሳርፋታለች ብዬ ጠበቅኩ። እትዬ መወልወያውን በሁለት እጇ አጥብቃ ይዛለች። ልጅቷ አንድ እርምጃ ያህል ሲቀራት ቆመች። እጆቿን አልዘረጋችም።

"ደምቶብኛል" አለቻት። "መምህሯን ጥሪልኝ።"

"እሺ የኔ እመቤት" አለች እትዬ። መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ በፈጣን እርምጃ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሄደች። ልጅቷ እያለቀሰች አጠገቤ ቀረች፤ እኔም ወረቀቴን እንደያዝኩ ቆሜ፣ አብረን ጠበቅናት።